የ1963ቷ ኢምፓላ ሱፐር ስፖርት ናት ወይስ ሱፐር ስፖርት የለበሰች?

ውይይቱን የከፈተው በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድማችን ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ አዛውንት በ29 ሺህ ዶላር የገዛትን ቀይ የ1963 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ሱፐር ስፖርት (ሱፐር ስፖርት በኢምፓላ ላይ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ጥቅል ነው) በ48 ሺህ ዶላር ለሽያጭ ካወጣት አራት ወር እንደሞላው፣ እስካሁን የደወሉለት ሦስት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ፣ ሦስቱም አንድ ሁለት ነገር ጠይቀው ድምፃቸው እንደጠፋ ገልጾ ጥፋቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ በአራት በአምስት ምላሽ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ የስድሳዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች ባንክ ከተቀመጠ ገንዘብ ይልቅ ዋጋቸውን ስለሚጠብቁ፣ አቅም ያለው ሐበሻ ሁሉ አንድ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይገባዋል አለ። ሃያ ስድስት ምላሽ የጎተተችው ይህች አንቀጽ ናት። በመንገድ ላይ የተነሡ ሌሎች ጉዳዮችም ስላሉ፣ ላልተከታተለው ሰው ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ልተርከው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገር ቤቱን ጉዳይ ስደርስ እለየዋለሁ።

ምላሽ ቁጥር 1 የትሕትና ነበር። ጸሐፊው እንኳን ለዚህ አበቃህ ካለ በኋላ የማስታወቂያው ፎቶግራፎች ሁሉ ከውጭ የተነሡ መሆናቸውን፣ ከሥር እና ከዕቃ መጫኛው ወለል አንድም ፎቶ አለመኖሩን አስተውሎ እነዚያን እንዲጨምር መከረ። ቁጥር 2 ደግሞ ዋጋው እንዲያውም ዝቅተኛ ነው ባይ ሆነ፤ ማስረጃው በየጥር ወሩ አሪዞና፣ ስኮትስዴል ላይ የሚካሄደውን የባሬት ጃክሰን ጨረታ በቴሌቪዥን ማየቱ ነው። ቁጥር 3 ይህን በለስላሳ ቃል አረመው። እንደ እሱ አባባል በቴሌቪዥን የሚታየው መኪና ለዚያ መድረክ ተብሎ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን የታደሰ ነው፤ ጨረታው ካለቀ በኋላ የሚነገረው ዋጋም ብዙ ጊዜ ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ የተደመረበት ሲሆን፣ ከሻጩም ኮሚሽን ይቀነሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ገዢው ያወጣው እንጂ ሻጩ ኪሱ ያስገባው አይደለም።

ነገሩን ወደ ፍሬው ያመጣው ቁጥር 4 ነው። ሰላምታም አላበዛም፤ የሻንሲ ቁጥሩ የመጀመሪያ አምስት አኃዞች ስንት ናቸው፣ ሱፐር ስፖርት መሆኗንስ በምን አወቅህ ብሎ ሁለት ጥያቄ ብቻ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ሳነበው ሦስቱ ደዋዮች ለምን እንደጠፉ ወዲያው ገባኝ። ባለቤቱ ግን አልገባውም ነበርና ለመመለስ ሁለት ቀን ወሰደበት።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ቁጥር 5 ገባና ሞተሩ 409 (ቁጥሩ በኩቢክ ኢንች የተለካ የሞተር መጠን ነው) ካልሆነ ሱፐር ስፖርት ብሎ ነገር የለም ሲል ፈረደ። ይህ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለ ስሕተት ስለሆነ ቁጥር 6 የሰጠው እርማት በሙሉ መነበብ ይገባዋል ባይ ነኝ። ባጭሩ፣ ሱፐር ስፖርት በ1961 ሲጀመር በእርግጥ በትልልቆቹ ሞተሮች፣ በ348 እና በ409 ብቻ ይሰጥ ነበር፤ የተሠሩትም ከ500 አይበልጡም። ከ1962 ጀምሮ ግን ጥቅሉ የመልክ እና የውስጥ ዕቃ ጉዳይ ሆነ። በ1963 አንድ ሰው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኢምፓላ አዝዞ፣ 161 ዶላር ገደማ ጨምሮ፣ ለየብቻ የቆሙ የፊት ወንበሮችን፣ ልዩ የጎማ ሽፋኖችን፣ በጎን መስመሮቹ ላይ ክብ ክብ ጭረት ያለበትን የአሉሚኒየም ጌጥ እና የሱፐር ስፖርት አርማዎችን ማግኘት ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ኢምፓላ ሲሠራ ከ150 ሺህ የማያንሱት ሱፐር ስፖርት ነበሩ፤ ብርቅ ናት የሚለው ወሬም እዚህ ላይ ይወድቃል። ቁጥር 5 ተመልሶ አልመጣም።

ባለቤቱ በቁጥር 7 ሲመለስ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። ሞተሩ 327 መሆኑን፣ ወንበሮቹ ለየብቻ የቆሙ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ኮንሶል መኖሩን፣ አርማዎቹም በየቦታቸው እንዳሉ ዘርዝሮ፣ በሾፌሩ በር ማጠፊያ ምሰሶ ላይ ያለው ቁጥር 31847 ብሎ እንደሚጀምርና የሚቀጥለው ፊደል ቢ መሆኑን ጻፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል የሚል ስሜት ነበረው።

ቁጥር 8 ከቁጥር 4 ጋር አንድ ሰው ነው። አኃዞቹን አንድ በአንድ ፈታቸው፤ 3 የ1963 ሞዴል፣ 18 ባለ ስምንት ሲሊንደር ኢምፓላ፣ 47 የመሃል ምሰሶ የሌላት ባለ ሁለት በር፣ ቢ ደግሞ ባልቲሞር ፋብሪካ። ከዚያም የሚያሳዝነውን ክፍል ተናገረ። በ1962 እና በ1963 ሱፐር ስፖርት በአማራጭ የሚጨመር ጥቅል ስለነበረ የሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም፤ ተራዋም ባለ ጥቅሏም 31847 ናቸው። በ1964 ግን ራሱን የቻለ መለያ ተሰጥቶት ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሱፐር ስፖርት 41447፣ ተራው 41847 ሆኖ ስለሚጀምር፣ የ1964ን መኪና በር ከፍቶ ቁጥሩን በማየት ብቻ መለየት ይቻላል። አርማውን፣ ወንበሩን፣ ኮንሶሉን፣ የጎማ ሽፋኑን በተመለከተ፣ ለኢምፓላ የማይሠራ ቅጂ ዕቃ የለምና ሁሉም ከካታሎግ ታዝዞ በፖስታ ቤት ይመጣል። መኪናዋን ለማደስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለገዢ ግን የጥርጣሬ ምንጭ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር 9 ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው፤ እኔ ግን አልተቀየምኩትም። አባቱ የነበራቸውን ፎቶግራፍ አስታውሶ፣ ግርማዊ ጃንሆይ ጥቅምት 1 ቀን 1963 ዋሽንግተን ሲገቡ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በባቡር ጣቢያው ተቀብለዋቸው በክፍት መኪና አብረው በከተማው እንዳለፉ ጻፈ። የስድሳዎቹን ትልቅ መኪና ባየ ቁጥር የሚታየው ያ ሥዕል እንደሆነ፣ የባለ አራት በር መኪና ዋጋ ማነስም እንደሚያስገርመው ጨመረ። ቁጥር 10 ለዚህ አጭር መልስ ነበረው። በዚህ ገበያ በር ሲጨምር ዋጋ ይቀንሳል፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ከሁሉ በላይ፣ ባለ ሁለት በሯ ቀጥላ፣ ምሰሶ ያላት ባለ አራት በር ከሁሉ በታች ናት። ከ1961 እስከ 1967 የተሠራው የሊንከን ኮንቲኔንታል ባለ አራት በር ክፍት መኪና ግን ከደንቡ ውጭ ነው፤ የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ የሚከፈቱት፣ ጣሪያው በሞተርና በዘይት ግፊት ተጣጥፎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚሰወረው ይህ መኪና ዛሬም ውድ ነው። ኬኔዲ የተገደሉበት የ1961 ሊንከንም ሚሺጋን፣ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይታያል።

ከሎስ አንጀለስ የጻፈው ቁጥር 11 የኢምፓላን ዋጋ ማን ደግፎ እንደያዘው ገለጸ። በእሱ አካባቢ መኪናቸውን በሃይድሮሊክ ዝቅ ከፍ የሚያደርጉ ወጣቶችና ሽማግሌዎች ከ1958 እስከ 1964 ያለውን ኢምፓላ በተለይም የ1964ቱን ከሌላው ሁሉ ያስበልጡታል፤ ካሊፎርኒያም ከተሞች የእሑድ ማታ ሰልፋቸውን እንዲከለክሉ የሚፈቅደውን ሕግ ከጥር 2024 ጀምሮ አንሥታለች። የዚያው ዘመን ትልቅ ፎርድ ወይም ፕሊመዝ ይህን ያህል የተፈለገ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ የመክፈቻው ጽሑፍ ስለ ትልልቅ የአሜሪካ መኪኖች በጅምላ የተናገረው ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ። ይህ ከጠቃሚዎቹ ምላሾች አንዱ ሆኖ ሳለ ማንም አልመለሰለትም፤ ቁጥር 12 መጥቶ ነበርና።

ቁጥር 12 ባለቤቱን አጭበርባሪ አለው። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። ሐሰተኛ ሱፐር ስፖርት ለሐበሻ ወንድሙ ሊያሸክም እንደመጣ፣ ጠበቃ የሚያስቆም ጉዳይ እንደሆነ ጻፈ። ቁጥር 13፣ ከአጻጻፋቸው በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው፣ ልጄ ብለው ጀምረው፣ ባለማወቅ መሸጥና እያወቁ መሸጥ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሰውየውም እስካሁን የሸጠው ነገር እንደሌለ አስታውሰው ገሠጹት። ተግሣጹ የሠራ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም መጻፉ ደግ ሆነ።

ቁጥር 14 የእኔ ነው። ሰው ከሚሰዳደብ ኮፈኑን ቢከፍት ይሻላል ብዬ አሰብኩና የቦዲ ሰሌዳው የት እንዳለ ጻፍኩ። በ1963 ሞዴል ላይ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል፣ በጥቃቅን ሪቬት የተመታች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ቦዲውን የሠራው ፊሸር ስለሆነ ስሙ ታትሞባታል። በላይዋ ላይ የሞዴሉ ቁጥር፣ የቦዲው ተራ ቁጥር፣ የቀለሙ ኮድ እና የውስጥ ልብሱ ኮድ ይገኛሉ። ሱፐር ስፖርት ለየብቻ የቆሙ ወንበሮች ስለነበሩት፣ የውስጥ ልብሱ ኮድ የእነዚህ ወንበሮች ከሆነ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደዚያ እንደወጣች ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው አንድ ወጥ ወንበር ኮድ ከሆነ ግን ወንበሮቹ በኋላ የገቡ ናቸው። ሪቬቶቹንም ይይ አልኩት፤ ሰሌዳውን ከሌላ መኪና ነቅሎ የሚመታ ሰው አለና። ለንጽጽር ያህል፣ በፎርድ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ አምስተኛ ፊደል ሞተሩን ስለሚናገር የጋላክሲ ገዢ ከዚህ ጣጣ በከፊል ይድናል ብዬ ጨመርኩ፤ ይህቺ እንኳ ላያስፈልግ ትችል ነበር።

ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ያለው ጊዜ በጨዋታ አለፈ። ቁጥር 15 ካልተሸጠች ወደ አዲስ አበባ ትላክና ለሠርግ ትከራይ አለ። ቁጥር 16 ቀልዱን ወደ ቁም ነገር ለወጠው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር እንደጣለ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት እንደተከለከለ ገልጾ፣ የሠርጉ ሐሳብ ቦሌ ሳይደርስ ጂቡቲ ላይ እንደሚቆም ነገረው። ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 17 ከ1967 በፊት በተሠሩት በአብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ላይ የፍሬን ዘይቱ አንድ ወጥ መስመር መሆኑን አስጠነቀቀ፤ አንዲት ቱቦ ብታፈስ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ያላትን ሁለት ቶን ገደማ የምትመዝን መኪናውን ይዞ ከብሉ ሪጅ ተራሮች ሲወርድ፣ ታምቡሩ ግሎ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ መኪናዋ ግን አልቆም እንዳለችው፣ ማርሽ ቀንሶ፣ በመጨረሻም የመንገዱ ዳር ወደ ላይ ያዘነበለበት ስፍራ አውጥቶ እንዳቆማት ተረከ። ቁጥር 18 በዚህ ተቀስቅሶ የራሱን አመጣ። የክራይስለር ምርት የሆነች የ1964 ኒውፖርት ነበረችው፤ ጎማ ለማስቀየር ወደ አንድ ጋራዥ ሲወስዳት ሠራተኛው በሾፌሩ በኩል ያለውን ዳዶ በአየር መፍቻ እየፈታ መስሎት ያጠብቀው ገባ፣ ሦስት ቡሎንም ቆረጠ። በዚያ ዘመን በክራይስለር መኪኖች ግራ ጎን ያለው የጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገላበጠ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ኤል የምትል ፊደል ተቀርጻለች፤ ግን በስልሳ ዓመት ዝገት ሥር ማን ያያታል። ባለቤቱም አላያትም፣ ሠራተኛውም አላያትም።

ከዚያ ቁጥር 19 መጣ፣ ባለቤቱ። ስለዚህ ምላሽ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ሴት ልጁ የስልኳን መብራት ይዛለት ኮፈኑን እንደከፈተ፣ ሰሌዳውን ያገኘው በቀይ ቀለም ተሸፍኖ እንደሆነ፣ በጨርቅና በጥቂት ማስለቀቂያ ቀስ ብሎ ሲያሸው ቁጥሮቹ እንደወጡ ጻፈ። ልጁ እያነበበች እሱ ወረቀት ላይ መዘገበ። የቀለሙ ኮድ 936 ነው፤ ይህም ነጭ ማለት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከፋብሪካ ቀይ ሆና ወጣች እያለ ለእንግዳ ሁሉ ሲነግር ኖሯል። የውስጥ ልብሱን ኮድ ከዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክረው የአንድ ወጥ ወንበር ሆነ። ሪቬቶቹ ያልተነኩ የፋብሪካ ናቸው፣ ስለዚህ ሰሌዳው የራሷ ነው። ልጁ ታዲያ ይህቺ መኪና ናት ወይስ አይደለችም ብላ ስትጠይቀው መኪናማ ናት ብሎ ኮፈኑን እንደዘጋው ጽፎ አበቃ። ለቁጥር 12 አንድም ቃል አልሰነዘረም።

ቁጥር 20 እንደተጠበቀው ቁጥር 12 ራሱ ነበር፤ ብዬ ነበር አለ። እሱ ያለው ግን አጭበርባሪ ነህ የሚል ነበር፤ ሰሌዳው ደግሞ የተናገረው ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 21፣ እነዚያው አረጋዊ፣ ይህንኑ በአንድ መስመር አስታወሱት።

ቁጥር 22 ወደ መክፈቻው አንቀጽ፣ ወደ ባንኩ ንጽጽር ተመልሶ ሒሳብ አወጣ። ባለቤቱ ቀደም ሲል ለጋራዥ በወር 150 ዶላር እንደሚከፍል ጽፎ ነበር፤ በስምንት ዓመት 14,400 ዶላር ይሆናል። መኪናዋ በተጠየቀው በ48 ሺህ ብትሸጥ እንኳ ከመግዣዋ ያለው ብልጫ 19 ሺህ ነው፤ የጋራዡ ኪራይ ሲቀነስ 4,600 ይቀራል። ከዚህ ላይ አራት ጎማ፣ የካርቦራተር ጥገና፣ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የበላቸው የጎማ ቱቦዎች እና ኢንሹራንስ ሲወጡ ትርፉ የለም፤ ገዢውም እስካሁን አልመጣም። ሒሳቡን የጨረሰው ግን እሱም አንድ የ1966 ቡይክ ኤሌክትራ እንዳለውና እንደማይሸጣት በመግለጽ ነበር። ጎበዝ ሒሳብ አዋቂ ስለ ራሱ መኪና ሲሆን እንዲህ ነው።

ቁጥር 23 የሽያጩን ቃል አስተካከለ። ማስታወቂያው የ1963 ኢምፓላ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ የተጨመሩ የሱፐር ስፖርት ዕቃዎች ያሏት በሚል እንዲለወጥ፣ የቦዲ ሰሌዳው ፎቶግራፍ ከሁሉ በፊት እንዲቀመጥ፣ ሊብሬው በባለቤቱ ስም መሆኑ እንዲገለጽ፣ ቁጥር 1 የጠየቀው የሥር ፎቶም እንዳይረሳ መከረ። ከ1958 እስከ 1964 ያለው የኢምፓላ ሻንሲ በመሃል ጠቦ ኤክስ የሚመስል ስለሆነና በጎን ተሸካሚ ብረት ስለሌለው፣ ጨው በሚረጭበት አገር የቆየችን መኪና ገዢ መጀመሪያ የሚመረምረው እሱን እንደሆነ አብራራ፤ ባለሙያ ሻንሲውን በመዶሻ ይነካካል፣ የኋላ ፓራፋንጎውን ታችኛ ከንፈር ደግሞ በጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ይፈትናል፤ ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

በቁጥር 24 ባለቤቱ ማስታወቂያውን እንደለወጠ፣ ዋጋውን ወደ 32 ሺህ እንዳወረደ፣ ማግኔቱ በቀኙ ፓራፋንጎ ላይ የመዳፍ ያህል ስፍራ አልይዝ እንዳለው፣ ሻንሲው ግን ደረቅ ሆኖ እንዳገኘው አሳወቀ። በዚያው ሳምንት አምስት ሰው ደውሎለት ሁለቱ አይተዋታል።

ቁጥር 25 ከሚኒሶታ ነው፤ ከዚያ በፊት ጽፎ አያውቅም። የእሱ የ1963 ኢምፓላ በሰሌዳዋ እውነተኛ ሱፐር ስፖርት ናት፤ ነገር ግን ቀድሞ የነበረ ባለቤት ለየብቻ የቆሙትን ወንበሮች ነቅሎ አንድ ወጥ ወንበር አስገብቶባት ኖሯል። ስለዚህ የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን መኪናዋን ወደ ትውልዷ ለመመለስ ቢያስብ ወንበሮቹንና ኮንሶሉን ይሸጥለት እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀ። ቁጥር 26 የባለቤቱ መልስ ነው፤ መጓጓዣውን ገዢው ከቻለ በ1,800 ዶላር እንደሚሸጥ፣ ከዚያ በፊት ግን የሚኒሶታዋን መኪና የቦዲ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ ሪቬቶቹ በሚታዩበት ሁኔታ፣ እንዲልክለት ጠየቀው።